ስርጉድ

ጨመዳ ከጅቡቲ መጣ፣ ተሳቢውን ከጋራዡ ማዶ አቁሞ፣
ካርቶን አወጣ ከወንበሩ ጀርባ፣ እንደ እንቁላል ተሸክሞ።
«ላሜራ ሠሪው» አለኝ፣ «እስቲ ይቺን ግጠማት፣
ዝገት የማያውቃት፣ መዶሻ የማይነካት።»

የፕላስቲክ ሙስታንግ ናት፣ የድሮ ሥሪት፣
ዘጠና ሦስት ቁራጭ፣ ሥጋ የሌላት አጥንት።
ከእውነተኛይቱ፣ ይላል ሳጥኑ፣ በሃያ አምስት ታንሳለች፤
ሞተሯ የአውራ ጣቴን ጥፍር ታህላለች።
እኔስ በሃያ አምስት ብካፈል? ብዬ አሰብኩና ሳቅኩ፤
ከክብሪት እንጨት ብረዝም ነው፣ ከጣቴ እንኳ አልበለጥኩ።

ቀን ቀን የሰው መኪና ነው፣ ከጋራዡ ደጅ፤
ግንባሩ የገባ ዶልፊን፣ ጎኑ የተጨረመተ ባጃጅ።
የአዳማ ፀሐይ ቆርቆሮው ላይ ቆማ፣ እንደ አበዳሪ ነገረኛ፣
ንፋሱ ከተራራው አቧራ ያወርዳል፣ እርጥብ ቀለም ላይ ሊያስተኛ።
ማታ ግን፣ መብራት ካለ፣ ልጄ ሲፈን የቤት ሥራዋን ከጨረሰች፣
ሙስታንጓ ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ ተነጥፎላት ትተኛለች።
ቁርጥራጮቿን በጥፍር መቁረጫ አንድ በአንድ እለቅማለሁ፣
ጠርዛቸውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እሞርዳለሁ።

ሳጥኑ ላይ ቀይ ናት፣ በወገቧ ነጭ ሰንበር፤
እኔ የማውቃት ግን ቀለሟ ሌላ ነበር።
የሸንኮራ ቅጠል፣ አቧራ የጠገበ።
ከጣሳ ጥግ የተረፈ አረንጓዴ፣ ግራጫ ጠብ አድርጌ፣
ለወዙ ደግሞ የአያንቱን የጥፍር ቀለም ከመሳቢያዋ ፈልጌ።
«የኔ ጥፍር ለመኪና!» ብላ ተቆጣች፤
ኋላ ግን መስታወቷን በቅንድብ መንቀያዋ ይዛ፣ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ጠበቀች።
አንድ ጎማ ጎደለ። ሳጥኑን ገለበጥኩ፣ ምንጣፉን ዳሰስኩ፣
በመጨረሻ ከዓይን ጠብታ ክዳን ጎማ ቀረጽኩ።

አለቀች። አበራች። ምንም አልጎደላት።
ያኔ የማንኪያ ጀርባ በሻማ አሙቄ፣ ግራ በሯን ነካኋት።
ፕላስቲኩ ለዘበ፣ ሰመጠ፤
እጄ ራሱ ደነገጠ፦
ሃያ ሁለት ዓመት ስርጉድ ሳቃና ኖሬ፣
ስርጉድ ላበጅ ዛሬ!

እውነተኛይቱ ላይ አንድ ስንዝር ነበረች፣ ከእጀታው በታች ዘንበል ያለች፤
እዚህ የምስር ፍሬ አክላለች።

የሐጂ ሱሩር መኪና ነበረች፣ ከንጉሡ ዘመን የተረፈች፣
ልትቀባ መጥታ ጋራዡ ያደረች።
እኔና ቡልቱማ ረዳቶች ነን፣ ጢማችን ገና ጥላሸት የመሰለ፤
ቁልፉን ከሚስማሩ አወረደና «እስከ ወንጂ መታጠፊያ ብቻ» አለ።
የአህያ ጋሪ ነበር፣ መብራት የሌለው፣ ሸንኮራ የጫነ።
ኳ! አለ በሩ። ከዚያ ሁሉም ዝም ሆነ።
እኔን ጉልበቴ ከዳኝ። እሱ ወርዶ በሩን አየና
ሳቀ፤ ግራ ጉንጩ ስርጉድ አለ፣ ከበሩ ጋር መንታ ሆነና።
«አትፍራ፣ ሳይነጋ እናቃናታለን።»
እሱ ከውስጥ፣ እኔ ከውጭ፣ መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልለን፣
እንደ ሌባ ስናንኳኳ አደርን።
ሐጂ ጠዋት መጡ። በሩን በመዳፋቸው ዳሰሱ። ምንም አላገኙም።
የመጀመሪያ ሥራዬ ያ ነበር፣ ማንም ያላየው።

ቡልቱማ ኋላ ተሳቢ ያዘ።
ከመተሐራ ወዲያ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው።
እንቅልፍ ነው አሉ። እኔ አላውቅም።
ጋቢናውን ጎትተው እኛ ደጅ አመጡት።
መዶሻ አነሳሁ።
መልሼ አስቀመጥኩ።

ጠዋት ሲፈን ሙስታንጓን ከጠረጴዛው አነሳቻት፣
ትንሿን ጣቷን ወደ ስርጉዱ ከተተቻት።
«ማን ሰበራት?» ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣
«አባ» አለች፣ «መኪናዋ እኮ ትስቃለች።»

ውጭ ደንበኛ ይጣራል። ጎኑ የገባ ባጃጅ ይዟል።
ትንሽ ይቆይ።